ቦምብ የሠራ እጅ ምን ይሥራ?

በ1992 መገባደጃ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሞስኮ በሚገኘው የሸረሜትየቮ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ያልተለመደ የመንገደኞች ቡድን ከመሳፈሩ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ሰዎቹ የሚሳይል መሐንዲሶች ነበሩ። የመጡት በኡራል ተራሮች አካባቢ ካለችው ከሚያስ ከተማ ነው፤ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚተኮሱት የሶቪየት ሚሳይሎች የሚነደፉት እዚያ ነበር። ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘዋል። ጉዟቸው ወደ ሰሜን ኮሪያ ነበር።

ሰዎቹን ለጉዞ ያነሣሣቸው የፖለቲካ እምነት ሳይሆን ደመወዝ ነው። አገር ቤት የሚያገኙት ገንዘብ ቤተሰብ አያኖርም፤ ከሰሜን ኮሪያ የቀረበላቸው ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። የሩሲያ ባለ ሥልጣናት መለሷቸው። ጥያቄው ግን አብሯቸው ወደ ሚያስ ተመለሰ፦ ነገስ በምን ይኖራሉ?

ስለ ኑክሌር መሣሪያ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሚሳይሉ ነው። ማን ስንት ቦምብ አለው? ማን ሊተኩስ ይችላል? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በዚህ ጽሑፍ የማወራው ግን ቦምቡን መሥራት ስለሚችለው ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ያ ሰው የት ይሄዳል? ልጆቹን በምን ያበላል? ዓለም ይህን ጥያቄ ከ30 ዓመታት በፊት በችኮላ መመለስ ነበረበት። የተሰጠው መልስ ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም፣ በእኔ አስተያየት በቂ ያልተወራለት ትልቅ ሥራ ነው።

ካርታ ላይ የሌሉ ከተሞች

ሶቪየት ኅብረት የኑክሌር መሣሪያዋን የምትሠራው በአሥር ዝግ ከተሞች ውስጥ ነበር። ከተሞቹ በካርታ ላይ አይታዩም። ስማቸው ራሱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይመስላል፦ አርዛማስ-16፣ ቼልያቢንስክ-70፣ ቶምስክ-7፣ ክራስኖያርስክ-26። አርዛማስ-16 የተባለችው ትክክለኛ ስሟ ሳሮቭ ነው፤ ከኮሚዩኒስቶች በፊት በኦርቶዶክስ ገዳሟ የታወቀች ቦታ ነበረች። በ1946 የቦምብ ላብራቶሪ ተቋቋመባትና ስሟ ከካርታ ጠፋ። ኦገስት 29 ቀን 1949 ካዛክስታን ውስጥ የተሞከረው የመጀመሪያው የሶቪየት ቦምብ የተነደፈው እዚህ ነው።

የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ በአጥር ተከቦ ይኖራል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንም አይገባም። ሥራውን ለዘመድ እንኳ መናገር አይችልም። በምትኩ ግን ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ከሌላው ከተማ የተሻለ ዕቃ ያለበት ሱቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክብር ነበረው። ምርጦቹ የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪዎች ተመርጠው ይሄዱ የነበረው ወደዚያ ነው።

በዲሴምበር 1991 ያ መንግሥት ፈረሰ። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ የኑክሌር ቦምብ ባለበት ቀረ። አሜሪካኖች በሠሩት ግምት በኑክሌር፣ በኬሚካል፣ በባዮሎጂና በሚሳይል ሥራ የተሰማሩ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ከፍተኛ ባለሙያዎችም ቀሩ። በ1992 ሩሲያ ውስጥ የዋጋ ንረቱ ወደ 2,500 በመቶ ደረሰ። በ25 ብር የምንገዛው ዕቃ በዓመቱ ከ600 ብር በላይ ገባ ማለት ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ገንዘብ በወራት ውስጥ ቀለጠ፤ ደመወዝም መዘግየት ጀመረ። ችግሩ በዝግ ከተማ ይብሳል፤ ከተማው ሁሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ሥራ ልቀይር ማለት አይቻልም።

ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የሚያሳየው የቭላዲሚር ኔቻይ ታሪክ ነው። ኔቻይ የቼልያቢንስክ-70 ዋና ኃላፊ ነበሩ። በላብራቶሪያቸው የሚሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። ለመንግሥት ቢጮኹም ገንዘቡ አልመጣም። ኦክቶበር 30 ቀን 1996 ቢሯቸው ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ዓለምን የሚያጠፋ መሣሪያ ለነደፈ ተቋም መሪ፣ ከአቅም በላይ የሆነባቸው የሠራተኞቻቸው ደመወዝ ነበር።

ዕውቀት እንደ ዩራኒየም አይቀጠንም

ለምን ሰውየው ራሱ አደጋ እንደሆነ ለመረዳት ስለ ቦምቡ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ከመሬት የሚወጣ ዩራኒየም ውስጥ ለቦምብ የሚሆነው ዩራኒየም-235 የተባለው ዓይነት 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ ካደረሱት ይበቃል። ለቦምብ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ይህ ማበልጸግ ይባላል፤ አስቸጋሪውና ውዱ ሥራ እሱ ነው። ደስ የሚለው ነገር ሥራው ወደ ኋላም ይሄዳል። የበለጸገውን ዩራኒየም ካልበለጸገው ጋር ቀላቅሎ ማቅጠን ይቻላል። አሜሪካና ሩሲያ በ1993 በተፈራረሙት ስምምነት እስከ 2013 ድረስ 500 ቶን የሩሲያ የቦምብ ዩራኒየም ቀጥኖ ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ነዳጅ ሆኗል። ይህ የ20 ሺህ ቦምብ መጠን ነው። በእነዚያ ዓመታት ከአሜሪካ ኤሌክትሪክ 10 በመቶ ገደማ የሚመነጨው ከዚህ ነበር። አሜሪካ ያደጋችሁ ከሆነ፣ ልጅ ሆናችሁ የቤት ሥራ የሠራችሁበት መብራት ከሶቪየት ቦምብ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ዕውቀት ግን እንዲህ አይቀጠንም። ቦምብን ፈትቶ በመጋዘን መቆለፍ ይቻላል፤ ሰው የሚያውቀውን እንዳያውቅ ማድረግ አይቻልም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አንዴ ከወጣም የሚመልሰው የለም።

አንድ ሰው ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ደግሞ ዓለም አይቷል። የፓኪስታኑ የብረታ ብረት ባለሙያ አብዱል ቃዲር ካን በ1970ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከዩራኒየም ማበልጸጊያ ጋር በተያያዘ ድርጅት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። የሴንትሪፊዩጅ ንድፎችን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ፓኪስታንም ከዚያ ተነሥታ ለቦምብ በቃች። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በእሳቸው ዙሪያ የተፈጠረው የንግድ መረብ ለኢራን፣ ለሰሜን ኮሪያና ለሊቢያ ቴክኖሎጂውን ሲያቀርብ ቆይቶ በ2004 ካን ራሳቸው በቴሌቪዥን ቀርበው አመኑ።

ከቀድሞ መሣሪያ ሠሪዎች በኩልም ስጋቱ ባዶ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በኖቬምበር 2011 ባወጣው ሪፖርት ላይ ስለ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ጽፏል። ባለሙያው አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በተወለደበት አገር የኑክሌር መሣሪያ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ከ1996 ገደማ እስከ 2002 ገደማ ኢራን ውስጥ ነበር፤ የመጣበት ምክንያት ተብሎ የተነገረው በፍንዳታ አማካይነት በጣም ደቃቅ አልማዝ ለመሥራት ነው። ኤጀንሲው ግን የኢራን የፈንጂ ማቀጣጠያ ሥራ በእሱ ዕውቀት መታገዙን የሚያሳዩ ጠንካራ ምልክቶች አሉኝ ብሏል። አንድ ሙያ ለአልማዝም ለቦምብም ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ደመወዝ እንደ መከላከያ

የመጀመሪያው እርምጃ የመጣው ከሁለት የአሜሪካ ሴናተሮች ነው፤ ከዲሞክራቱ ሳም ነንና ከሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ሉጋር። በ1991 መጨረሻ ላይ ከመከላከያ በጀት 400 ሚሊዮን ዶላር ተቀንሶ የሶቪየትን የኑክሌር መሣሪያ ለመጠበቅና ለማፍረስ እንዲውል ሕግ አጸደቁ። ትናንት ጠላት ለነበረ አገር ገንዘብ እንስጥ ብሎ ምክር ቤትን ማሳመን ቀላል አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 1992 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር ቼልያቢንስክ-70ን ጎበኙ። ከጥቂት ወራት በፊት የአሜሪካ ሚኒስትር ያቺን ከተማ ያያል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በዚያው ወር የሁለቱ የሩሲያ ቦምብ ላብራቶሪዎች ኃላፊዎች አሜሪካ ሄደው የአሜሪካን ላብራቶሪዎች አዩ፤ የሎስ አላሞሱ ኃላፊ ሲግፍሪድ ሄከርም በበኩላቸው ሳሮቭ ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን አንዱ የሌላውን ሥራ በስለላ ወሬ ብቻ የሚያውቁ ፊዚሲስቶች ፊት ለፊት ተገናኙ።

በግልም ገንዘብ ያወጣ ነበር። ባለሀብቱ ጆርጅ ሶሮስ በ1992 መጨረሻ 100 ሚሊዮን ዶላር መድበው የሳይንስ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ከ20 ሺህ ለሚበልጡ የቀድሞ ሶቪየት ሳይንቲስቶች ለእያንዳንዳቸው 500 ዶላር የችግር ጊዜ ድጎማ ሰጠ። 500 ዶላር ዛሬ ለእኛ የአንድ ሴሚስተር መጽሐፍ ዋጋ ነው። ያኔ ለአንድ የሩሲያ ፊዚሲስት ግን ከዓመት ደመወዝ ሊበልጥ ይችል ነበር።

ቋሚው መልስ ዓለም አቀፉ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል ነው። አሜሪካ፣ የአውሮፓ ማኅበረሰብ፣ ጃፓንና ሩሲያ በኖቬምበር 1992 ተፈራረሙ፤ ማዕከሉ በ1994 ሞስኮ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ተመሳሳይ ማዕከል ኪየቭ ላይም ተከፈተ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦

በመጀመሪያ ሳይንቲስቱ ከባልደረቦቹ ጋር የሰላማዊ ምርምር ሐሳብ ጽፎ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ ቀድሞ በምን መሣሪያ ላይ ይሠራ እንደነበርም ይገለጻል። የገዛ መንግሥቱ ይፈቅዳል። ቀጥሎ ገንዘብ ሰጪዎቹ አገሮች ሐሳቡ በሳይንስ የሚያስኬድ መሆኑን፣ ለጦር መሣሪያም እንደማይውል ይመረምራሉ። ከተፈቀደ በኋላ ክፍያው የሚሄደው ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ሳይንቲስቱ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ግብርም አይቆረጥበትም። በመጨረሻም ተቆጣጣሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው ሥራውንና የሥራ ሰዓት መዝገቡን ያያሉ።

ይህ ወረቀት የበዛበት አሠራር ሁለት ነገር ያስገኛል። ሳይንቲስቱ በቤቱ፣ በከተማው፣ በሙያው ይኖራል። የቀረው ዓለም ደግሞ ያ ሰው የት እንዳለና ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል። በዓመታት ውስጥ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሳይንቲስቶችና ቴክኒሻኖች በማዕከሉ ፕሮጀክቶች ላይ ሠርተዋል።

ከቦምብ ወደ ሰው እግር

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ከሁሉም በላይ የገረመኝ ቦምብ ሠሪዎቹ ወደ ሕክምና መምጣታቸው ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የቼልያቢንስክ-70 መሐንዲሶች ከአሜሪካው የሳንዲያ ላብራቶሪና ከአንድ የአሜሪካ የሰው ሠራሽ እግር አምራች ጋር ሆነው፣ በተቀበረ ፈንጂ እግራቸውን ላጡ ሰዎች የሚሆን ሰው ሠራሽ እግርና ጉልበት ላይ ሠሩ። ነገሩ ሲታሰብ አያስገርምም። የቦምብ መሐንዲስ ማለት ቀላልና ጠንካራ ብረት የሚያውቅ፣ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎችን ሳያዛንፍ የሚገጣጥም፣ አንድ ነገር በስንት ጫና እንደሚሰበር የሚያሰላ ሰው ነው። በየቀኑ በሺዎች እርምጃ ሲረገጥ የሚኖር ጉልበት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከጦርነት በኋላ ፈንጂ ተቀብሮበት ከቀረ አገር ለመጣን ለእኛ፣ የዚህን ሥራ ዋጋ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው ምሳሌ ከአፍሪካ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን በድብቅ ስድስት የኑክሌር ቦምቦች ሠርታ ነበር፤ ሰባተኛው በመሠራት ላይ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ፈትታ በ1991 የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት ፈረመች። ፕሬዚዳንት ደ ክለርክም በማርች 1993 ምስጢሩን ለሕዝብ ተናገሩ። የራሷን ቦምቦች ሠርታ በገዛ እጇ ያፈረሰች ሌላ አገር እስካሁን የለችም። በፕሪቶሪያ አቅራቢያ ፔሊንዳባ የሚባለው ማዕከል ግን አልተዘጋም። ከቦምቡ የተረፈው የበለጸገ ዩራኒየም በሳፋሪ-1 ሬአክተር ለሕክምና አይሶቶፕ መሥሪያ ዋለ፤ በኋላም፣ በ2009 እና 2010፣ ማዕከሉ በዝቅተኛ ደረጃ ወደ በለጸገ ዩራኒየም ተሸጋገረ።

እዚያ የሚመረተው ሞሊብዲነም-99 ይባላል። በ66 ሰዓት ግማሹ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ከዚያ የሚወለደው ቴክኔሺየም-99ኤም ደግሞ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሆስፒታል ውስጥ የልብን የደም ዝውውር ወይም ካንሰር ወደ አጥንት መዛመቱን ለማየት በሽተኛ ክንድ ላይ የሚወጋው እሱ ነው። በዓለም ላይ በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ምርመራዎች ይውላል። ቶሎ ስለሚያልቅ አከማችቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የሆነ ቦታ ያለ ሬአክተር በየሳምንቱ ማምረት አለበት። በኢትዮጵያም ቢሆን፣ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የካንሰር ሕሙማን ይታከሙ የነበረው በኮባልት-60 ማሽን ነው። ኮባልት-60ም የሚሠራው ሬአክተር ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ካዛክስታን ነው። ሶቪየቶች በሴሚፓላቲንስክ የሙከራ ሜዳ 456 የኑክሌር ሙከራዎች አድርገዋል። ሜዳው በ1991 ሲዘጋ ደገሌን በሚባለው ተራራ ዋሻዎች ውስጥ ከሙከራ የተረፈ ፕሉቶኒየም ቀርቶ ነበር። ሥራ ያጡ የአካባቢው ሰዎች የመዳብ ሽቦ ፍለጋ ዋሻዎቹን ይቆፍሩ ጀመር። ፕሉቶኒየሙ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቁት እዚያ የሠሩት የሩሲያ ሳይንቲስቶች ብቻ ናቸው። ያን ምስጢር ለአሜሪካኖችና ለካዛክስታኖች የተናገሩት በዓመታት የጋራ ሥራ መተማመን ስለተፈጠረ ነው። ሦስቱ አገሮች ተባብረው ዋሻዎቹን በኮንክሪት ዘጉ፤ ሥራው በ2012 ሲያልቅ 17 ዓመትና 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነበር። በዚያ ተራራ ውስጥ ለበርካታ ቦምቦች የሚበቃ ፕሉቶኒየም ነበር።

ገንዘቡ የት ገባ?

መልካሙን ብቻ ብነግራችሁ ግን ሙሉውን አልነገርኳችሁም ማለት ነው።

ለአሜሪካ ኮንግረስ የሚሠራው የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1999 አንዱን የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም መረመረ። ወጪ ከሆነው 63.5 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ለቀድሞ ሶቪየት ተቋማት የደረሰው 37 በመቶ ብቻ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚያው አሜሪካ ላብራቶሪዎች ውስጥ ቀርቷል። በእርዳታ ስም ወጥቶ ሰጪው ቤት የሚቀር ገንዘብ ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም።

በ2007 ያው መሥሪያ ቤት እንደገና መረመረ። ካያቸው 97 ፕሮጀክቶች ውስጥ ክፍያ ከተቀበሉት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመሣሪያ ሥራ ልምድ አለኝ ያሉ አልነበሩም። አንዳንዶቹም ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ገና ወጣቶች ነበሩ። ዓላማው የቀድሞ ቦምብ ሠሪን ማቆየት ከሆነ፣ ለአዲስ ተመራቂ መክፈል ምን ይባላል?

ሥራ መፍጠርም ከተጠበቀው በላይ ከባድ ሆነ። በ1998 የኑክሌር ከተሞችን ለመደገፍ ተብሎ በተጀመረው ፕሮግራም፣ ሳሮቭ ውስጥ አቫንጋርድ የሚባለው የቦምብ መገጣጠሚያ ፋብሪካ አጥር ወደ ውስጥ ተገፍቶ ከአጥሩ ውጪ የቀሩት ሕንፃዎች ለሲቪል ሥራ ክፍት ሆኑ። ግን ለመጎብኘት እንኳ ቀደም ብሎ ፈቃድ መጠየቅ በሚያስፈልግበት ከተማ ማን ገንዘቡን ያፈሳል? ሩሲያ ውስጥም እርዳታው የስለላ ሽፋን ነው የሚሉ ነበሩ።

ታዲያ ጠቅሟል ወይስ አልጠቀመም? ከሁሉ የተሻለ መልስ ያገኘሁት በ2005 ከታተመ ጥናት ነው። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 602 የሩሲያ ፊዚሲስቶችን፣ ኬሚስቶችንና ባዮሎጂስቶችን ጠየቁ። 20 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እንደ ሰሜን ኮሪያ፣ ኢራን፣ ሶሪያ ወይም ኢራቅ ባሉ አገሮች ሄዶ መሥራትን ሊያስቡበት እንደሚችሉ ተናገሩ። ከምዕራብ አገሮች የምርምር ገንዘብ ያገኙት ግን እንዲህ የማለት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ፕሮግራሞቹ አባካኝ ቢሆኑም ሥራቸውን ይሠሩ ነበር ማለት ነው። አምስተኛው ሰው ሊሄድ ይችላል የሚለው ቁጥር ደግሞ ስጋቱ ተረት እንዳልነበር ያሳያል።

ለሆዱ ያደረ ብሎ መፍረድ ይቀላል። እኔ ግን ከሸረሜትየቮ የተመለሱትን ቤተሰቦች ሳስብ የሚመጣብኝ ስድስት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው አባት ነው።

ከሩሲያ በኋላ

ልምዱ ወደ ሌሎች አገሮችም ሄዷል። ሊቢያ በዲሴምበር 2003 የኑክሌር ፕሮግራሟን እንደምትተው ስታስታውቅ ሴንትሪፊዩጆቹ ተጭነው ከአገር ወጡ፤ ሳይንቲስቶቹ ግን ቀሩ። ትሪፖሊ አጠገብ ያለው የታጁራ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ስሙ ተቀይሮ የታዳሽ ኃይልና የባሕር ውሃ ማጣሪያ ምርምር ማዕከል ሆነ። ውሃ ለሚጠማው አገር ይህ የማስመሰል ሥራ አይደለም።

ኢራቅ ውስጥ ግን ከ2003 ጦርነት በኋላ የተሞከረው ተመሳሳይ ፕሮግራም በጣም አነስተኛና ዘግይቶ የመጣ ነበር። ምሁራን በሚገደሉበትና በሚሰደዱበት ከተማ የምርምር ድጎማ ብቻውን ሰውን አያቆይም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ደመወዝ የሚሠራው ሰላም ባለበት ነው።

የሞስኮውስ ማዕከል? ሩሲያ በ2010 ከዚህ በኋላ አያስፈልገኝም ብላ እንደምትወጣ አስታወቀች፤ በ2015 ወጣች። ማዕከሉም ወደ ካዛክስታን ዋና ከተማ ወደ አስታና ተዛወረ። ላብራቶሪ ለላብራቶሪ የነበረው የአሜሪካና የሩሲያ ግንኙነትም እየቀዘቀዘ ሄዶ ዛሬ ተቋርጧል ማለት ይቻላል። በ1992 እጅ ለእጅ የተጨባበጡት ፊዚሲስቶች አርጅተዋል፤ የእነሱ ተማሪዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ ደገሌንን የዘጋው ኮንክሪት ሳይሆን መተማመን ነበር።

እኛን ምን አገባን?

አፍሪካ ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ የሆነች አህጉር እንድትሆን የወሰነው ስምምነት የተሰየመው በፔሊንዳባ፣ ማለትም ደቡብ አፍሪካ የቦምብ ዩራኒየሟን ባበለጸገችበት ቦታ ነው። በ1996 ተፈረመ፣ በ2009 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ኑክሌር ሳይንስን ለሰላም ማዋል ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ቃሊቲ ባለው ማዕከል ወንድ የቆላ ዝንቦች በጨረር እየመከኑ ይለቀቁ ነበር፤ ከብቶችን የሚገድለውን የገንዲ በሽታ ለመቀነስ የታሰበ ሥራ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚነካን ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። በየቤታችን አንድ አጎት ወይም አንዲት አክስት አሉ፦ አገር ቤት መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩ፣ እዚህ ግን ታክሲ የሚነዱ ወይም ሌሊት ፓርኪንግ የሚጠብቁ። ሥራው ክቡር ነው፤ ያሳደገን እሱ ነው። ነገር ግን ሙያቸው በምን እንደተቀበረ ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልጠየቀም። ለሩሲያዊው ፊዚሲስት ሚኒስትሮች የተሰበሰቡት ስለወደዱት አይደለም፤ ስለፈሩት ነው። ልጅ የሚያዋልድ ሐኪም ከአገሩ ቢወጣ የሚፈራ መንግሥት የለም። የሚጎዳው ሐኪሙ ጥሎት የሄደው ወረዳ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ፕሮግራሙን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም ማድረግ እንደሚቻል ያሳየን እሱ ነው፦ ባለሙያን በአገሩ ለማቆየት ክፍያው በቀጥታ ይድረሰው፣ ከውጭ ባልደረባ ጋር ይሥራ፣ ሥራው በእኩዮቹ ይመርመር፣ ክብሩ ይጠበቅ። ከዚህ ውስጥ አንዱም የቦምብ ዕውቀት አይጠይቅም። ጥቁር አንበሳ ላለች የጨረር ሕክምና ባለሙያም ይሠራል።

በማኅበራችን ውስጥ ፊዚክስ፣ ምሕንድስና፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የምትማሩ አላችሁ። የኑክሌር መሣሪያን ስርጭት መከላከል እንደ እናንተ ያሉ ሰዎችን የሚፈልግ የሥራ መስክ ነው፤ ቋንቋ የሚችል፣ ሁለት ባሕል የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል። እኛ የጤና ተማሪዎችም በየሆስፒታሉ ከዚህ ሳይንስ ጋር በየቀኑ እንገናኛለን። ከናንተ ቤት ያሉ አጎትና አክስት ድሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠየቃችሁ በዚህ እሑድ ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው፤ የሰማችሁትንም ጻፉልን።